ቦርሳ ውስጥ የዋለ ስልክ

መልእክቱ የደረሰኝ ከአያት ወደ መገናኛ በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ በሰው ጀርባና በሰው ክርን መካከል ቆሜ ሳለሁ ነው። የወሩ የስልክ ሂሳብ ነበር። በየወሩ መጀመሪያ ይመጣል፤ ያው ስለሆነም በደንብ ሳላነበው እዘጋዋለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ሲያርፍ ነጥቡ ቦታውን የሳተ መሰለኝ። ነጥቡን በልቤ ወደ ግራ ሳስጠጋው የማውቀው ሂሳብ ሆነ። እንደተጻፈ ሳነበው ግን የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያክላል።

አጠገቤ የቆመች ሴት ስልኬን አየት አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ባቡር ውስጥ የጎረቤትን ስልክ ማንበብ ነውር አይደለም፤ እጅ የሚዘረጋበት ቦታ በሌለበት ዓይን የት ይሂድ። እሷ ፊቷን ባትመልስ ኖሮ ግን ስህተት ነው እያልኩ እስከ መገናኛ እደርስ ነበር። «የዳታ አገልግሎት» ይላል። ከሥሩ የአጎቴ ሙሉ ስም አለ።

ቁጥሩን የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ መስመሩ የወጣው ግን በአጎቴ ስም ነው። ከክፍለ ሀገር ለትምህርት ስመጣ የአዲስ አበባ መታወቂያ አልነበረኝም፤ ያረፍኩትም ይኸው ባቡር በሚያልፍበት ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ካለው ቤታቸው ነበር። አጎቴ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ከቢሮ ሲወጡ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራኑን ጉዳይ ይይዛሉ። በቤታቸው ላለው ሰው ሁሉ ስልክ ያወጡት በራሳቸው ስም ነው፤ ያውም ካርድ የማይሞላበትን፣ ተጠቅመው በወሩ መጨረሻ የሚከፍሉበትን። ለምን ሲባሉ፣ «ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ ካርድ አለቀብኝ ብሎ እንዳይጠፋ» ይላሉ።

እኔ ካርድ ሳያልቅብኝ ጠፋሁ። የሂሳብ አያያዝ ትምህርቴን መሃል ላይ ትቼ ግጥም መጻፍ ስጀምር አጎቴ አልተቆጡም። «ቤት መምታት ከቻልክ መዝሙር ጻፍ፤ የሚዘምረው ሞልቷል» ነው ያሉኝ። ሞከርኩ። የጻፍኩትን አንብበው፣ «ይኼ እኮ እግዚአብሔርን ይጠይቃል እንጂ አያመሰግንም» ብለው መለሱልኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እራት ላይ የምንነጋገረው እያነሰ መጣ፤ አንድ ቀን ልብሴንና መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ጠብ የለም። ጠብ ቢኖር ሽማግሌ ይገባ ነበር። ስልኩ አብሮኝ ወጣ፤ ሂሳቡን በየወሩ እከፍላለሁ፤ የአጎቴን ስም የማየውም ያኔ ብቻ ነው።

አሁን የምኖረው ከአያት አለፍ ብሎ፣ ድሮ የገብስ ማሳ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ማሳቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ሲቆም በቀረቻቸው ግቢ ክፍሎች ሠርተው ያከራያሉ። ከልጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከላማቸው ጋር በሁለቱም ያወራሉ። ቀን ቀን መገናኛ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ እተይባለሁ። የፎቶ ኮፒው ቀለም ብናኝ ደረቴ ውስጥ የገባ ይመስለኛል፤ ሳል ከያዘኝ ቆይቷል። ከጠዋት እስከ ማታ «ጉዳዩ፦» ብዬ የምጀምረው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ስልክ አገልግሎት ማእከሉ ሄድኩ። ወረፋዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ቁጥሩን አስገብታ ኮምፒውተሯን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ፓኬጅህ አልቆ ከፓኬጅ ውጪ ተጠቅመሃል» አለች።

«ምን ተጠቅሜ?»

«ዳታ ነዋ። ፊልም አውርደሃል?»

«አላወረድኩም።»

«ጌም?»

«አልጫወትም።»

«ታዲያ በስልክህ ምን ትሠራለህ?»

«ላይቭ እየገባሁ ግጥም አነባለሁ» አልኳት።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «እሁድ ነው። ከጠዋት እስከ ምሽት። ምን ዓይነት ረጅም ግጥም ነው?»

እሁድ ስትል ገባኝ።

እሁድ እሁድ እንጦጦ እወጣለሁ። በሌላው ቀን ብቻዬን ብሆን ሥራ ላይ ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ይቻላል፤ እሁድ ግን ብቻውን የሆነ ሰው ብቻውን ነው። ግቢያችን ባዶ ይሆናል። አከራዬ ዘመድ ሊጠይቁ ይሄዳሉ፣ ተከራዮቹ ቤተ ክርስቲያን። ስለዚህ እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በታክሲ እሄድና ከዚያ ዳገቱን በእግሬ እያያዝኩ እወጣለሁ። ፓርኩ ሲደርስ ሰው የሚያደርገውን ማየት እወዳለሁ። ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት ጠርዝ ላይ ይቆምና በጣቱ ቤቱን ይፈልጋል። የወጣው ከተማውን ሊሸሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚያሳየው ግን የራሱን ጣሪያ ነው። «ያ ሰማያዊው፣ ከሕንፃው በስተግራ፣ አየሽው?» ይላል አንዱ፤ «አላየሁትም» ትላለች፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። እኔም እፈልጋለሁ። የኔ ክፍል ከዚያ አይታይም። የሲ.ኤም.ሲ ጣሪያዎች ግን አየሩ ሲጠራ የሚታዩ ይመስለኛል።

ከሰዉ ራቅ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የምቀመጥበት ድንጋይ አለ። እዚያ ስልኩን አቆምና ላይቭ እገባለሁ። አድማጮቼ ጥቂት ናቸው፤ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዱ «ወንድሜ ዘፈን የለህም?» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ምንም ሳይል ይሄዳል። የማይወጣ አንድ አድማጭ ግን ነበረኝ። ፎቶ የለውም፤ ስሙ መተግበሪያው ራሱ የሚሰጠው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። ጽፎልኝ አያውቅም። ማንበብ ስጀምር ይገባል፣ ስጨርስ አንዲት ቀይ ልብ ትመጣለች። ስለዚህ አድማጭ ብዙ አስቤአለሁ። ሴት አደረግኳት። ወጣት አደረግኳት። አዋሳ ወይም ጅማ፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። እየቆየ የምጽፈው ለእሷ ሆነ። ግጥም ሳርም «ይህን ቃል ትወደው ይሆን?» እላለሁ፤ መልሱንም እኔው እመልሳለሁ።

ያን እሁድ ጠዋት አንብቤ ጨረስኩ፤ ልቧ መጣች፤ መዝጊያውን ነካሁ። መተግበሪያው መዝጊያውን ከነኩት በኋላ «በእርግጥ ይቁም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛ ካልነኩት አይቆምም። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ወድቃ ስለነበር ጥያቄው አልታየኝም። ስልኩን ከፓወር ባንኩ ጋር እንደተያያዘ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከሹራቤና አከራዬ ከሰጡኝ የገብስ ቆሎ አጠገብ ከተትኩት። ሰፈራችን መብራት ስለሚጠፋ የገዛሁት ፓወር ባንክ ትልቁን ነው፤ እስኪመሽ አልደከመም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ታክሲ እየጠበቅኩ ሰዓት ልይ ብዬ አወጣሁት። ስልኩ አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ስክሪኑ ላይ ቡናማ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ የሹራቤ እጅጌ ነበር። ከላይ፣ የዓይን ምልክቷ አጠገብ፣ የአድማጩ ቁጥር ተጽፏል፤ አንድ። ያው ፎቶ የሌለው ስም። «ሄሎ?» አልኩ። መልስ የለም። ደንግጬ ዘጋሁት፤ አሁን ጥያቄውንም መለስኩ። ታክሲው ውስጥ ሳስበው፣ እንደኔ ረስታው ሄዳ ነው አልኩ። የሰው ቦርሳ ውስጥ ያለ ጨለማ ተቀምጦ የሚያይ ማን አለ?

«ፓኬጅህ ገና በጠዋቱ ነው ያለቀው» አለች ሠራተኛዋ። «ካርድ ቢሆን ኖሮ ይቆምልህ ነበር። ይኼ አይቆምም፣ ይቆጥራል።»

ሂሳቡን በየወሩ ከፋፍዬ ልክፈል፣ መስመሩም ወደ ካርድ ይቀየርልኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ባለ ስሙ መታወቂያ ይዞ ይምጣ።»

«የምጠቀመው እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን አንተ እዚህ የለህም» አለችና ኮምፒውተሯን ዞር አድርጋ አሳየችኝ። «አባትህ ናቸው?»

«አጎቴ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል፣ አጎት አይደሉ?»

ካልተከፈለ መስመሩ ይቋረጣል፤ ከቆየም ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ዕዳው ግን አጎቴ ስም ላይ ይቀራል። ሌላ ቁጥር ማውጣት እችል ነበር፤ አሁን መታወቂያ አለኝ። ነገር ግን ግጥም የማነብበት አካውንት የተከፈተው በዚህ ቁጥር ነው፤ የመግቢያው ኮድ የሚላከውም ወደዚሁ ነው። ቁጥሩ ከሄደ አካውንቱ ይሄዳል፤ እሷም የት እንደገባሁ አታውቅም። በዚህ ከተማ የሚጠብቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት ብዬ አስብ ነበር፤ እሷን ያስቀመጥኳት ደግሞ ከዚህ ከተማ ውጪ ነው።

ከሥራ ስገባ አከራዬ ላማቸውን እያሰሩ ነበር።

«እማማ፣ የዚህ ወር ኪራይ ትንሽ ሊቆይብዎት ነው።»

«ምን ገጠመህ?»

«ገንዘቡን ስልኬ በላው።»

«ላሜ እንኳ እንደዚያ አትበላ» አሉ። ገመዱን ጠበቅ አድርገው ቀና አሉና አዩኝ። «ኪራዩን እጠብቅሃለሁ። ግን አንተ ልጅ፣ እዚህ ከገባህ ጀምሮ በሬን አንኳኩቶ ‹አለ ወይ?› ያለኝ ሰው የለም። ዘመድ የለህም?»

«አለኝ። ሲ.ኤም.ሲ።»

«ሲ.ኤም.ሲ?» ሳቃቸው መጣ። «እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ያሉ መስሎኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የውጪው በር ቀለሙ ተቀይሯል። ደወሉን ከመንካቴ በፊት፣ ብዙ ዓመት በገባሁ በወጣሁበት በር ላይ፣ እንደ እንግዳ ፀጉሬን አስተካከልኩ። የከፈቱልኝ የአጎቴ ሚስት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እጃቸው የሳሙና አረፋ ስለነበር በክርናቸው አቅፈው ሳሙኝ። የት ጠፋህ አላሉኝም። «ግባ፣ ጋሼህ ሳሎን ናቸው» ብለው ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።

አጎቴ ፊት በእጅ የተጻፉ መዝሙሮች ተከምረዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ተነሱ፤ ተሳሳምን፤ ተቀመጥን። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት አወራን። ከዚያ የሚወራው አለቀ።

«ጋሼ፣ በስምዎ ሂሳብ መጥቷል» አልኩና ስልኬን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ብዙ ቆዩበት። «እኔ ዕዳ ያለብኝ ለጌታ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ምን አድርገህበት ነው?»

«ረስቼው ክፍት ሆኖ ዋለ።»

«እሺ፣ ይከፈላል።»

«ክፍያውን ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። አብረን እንሂድና መስመሩን ወደኔ ስም ያዛውሩልኝ። ዕዳውን እኔው ቀስ እያልኩ እጨርሳለሁ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ስሜ ከበደህ?» አሉ።

የጠየቁኝ በዝግታ ነው። እትዬ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

«ያ ሳል አልተወህም እንዴ?» አሉኝ።

ከገባሁ አንድ ጊዜም አልሳልኩም። «የቱ ሳል፣ እትዬ?»

«እሁድ ስትራመድ የነበረው።» ፎጣውን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። «ምግብህ ደግሞ ቆሎ ብቻ። ስትቆረጥም እሰማለሁ። አሁን አንድ ምግብ ቤት ይገባል፣ አሁን እንኳ ይገባል እላለሁ። ቆሎ፣ ደግሞ እንደገና ቆሎ።»

አጎቴ እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ የማየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ነበር።

«ልጄ ናት በስልክ ቁጥርህ ፈልጋ የከፈተችልኝ» ብለው ቀጠሉ እትዬ። «መጻፉን አልቻልኩበትም፤ ልቧን ብቻ አሳየችኝ። ያን እሁድ ስክሪኑ ሲጠቁር ተበላሸ ብዬ ልዘጋው ስል ስትስል ሰማሁህ። ከዚያ እንዴት ልዝጋው? ወጥ ስሠራ አጠገቤ ነበርክ፤ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ነበርክ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረሁ።»

«ራሴን አሞኛል ብለሽኝ አልነበረም?» አሉ አጎቴ።

«ብዬሃለሁ» አሉ እትዬ። ወደኔ ዞሩ። «የሰው ድምፅ የለም እኮ። ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ሰው እንኳ ደህና ዋልክ አላለህም፤ አንተም ለማንም አላልክም። ብቻህን ነው የምታጉተመትመው። መጨረሻ ላይ ‹ሄሎ› ስትል ደስ አለኝ። ‹አለሁ፣ አለሁ› አልኩህ። ለካ ከዚህ በኩል አይሰማም።»

አዋሳ ወይም ጅማ መስኮት አጠገብ ያስቀመጥኳት ልጅ ያኔ ተነስታ ሄደች። ለእሷ ያነበብኳቸው ግጥሞች አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ፤ አንዳንዶቹ እትዬ ፊት የሚነበቡ አይደሉም። ጆሮዬ ጋለ።

«ግጥሞቹስ?» አልኩ።

«ጥሩ ናቸው፤ ሁሉም አይገባኝም። ያቺ መስኮት አጠገብ ፀጉሯን የምታበጥረው ልጅ ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም።»

«ማንም?» አሉ፤ ከልባቸው አዘኑልኝ።

አጎቴ መዝሙሮቹን ሰብስበው ጠርዛቸውን አስተካከሉና ወደኔ ገፉዋቸው። «በመጽሐፍ ልናወጣቸው ነው፤ የሚተይብ እየፈለግኩ ነበር» አሉ። «ሂሳቡን አሁን እኔ እከፍላለሁ፣ አንተ በሥራ ትመልሳለህ። መዝሙር ጻፍ ብልህ እምቢ አልክ፤ እንግዲህ ትተይባለህ።»

«ስሙስ?»

«ሰኞ እንሄዳለን።»

ሳልበላ አልወጣሁም። አጎቴ ማዕዱን ሲባርኩ ጸሎታቸው ረጅም ነበር፤ ስለኔ ግን ምንም አልተባለበትም፤ በልቤ አመሰገንኳቸው። ወደ አያት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ያን እሁድ በእትዬ ጆሮ ልሰማው ሞከርኩ። የጫማዬ ድምፅ ጠጠር ላይ። የቦርሳው ዚፕ። አንድ ስንኝ ጀምሬ መተዌ፣ ደግሞ መጀመሬ። በሩቅ የሰው ሳቅ ይመጣና ያልፋል፤ እኔ ጋ አይደርስም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ማንም ያጠፋው ነበር። እሳቸው ዘይት ሲያቃጥሉ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ከዚያኛው ጫፍ አንድ ሰው እስኪያናግረኝ ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከላይ ሆኜ የሲ.ኤም.ሲን ጣሪያዎች እፈልግ ነበር።

ሰኞ አጎቴ ከቢሮ አስፈቅደው መጡ። ያችው ሠራተኛ ነበረች፤ እኔን አየችና ፈገግ አለች፤ ግጥሙን ግን አላነሳችብኝም። አጎቴ ከፈሉ፣ ፈረሙ፣ መታወቂያዬን ከራሳቸው መታወቂያ ጎን አስቀመጡላት። መስመሩ በስሜ ሆነ፤ ወደ ካርድም ተቀየረ። ስንወጣ አጎቴ ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

«ከእንግዲህ ካርድ አለቀብኝ ማለት ትችላለህ» አሉ።

ቀልድ ነበር። አሁን በወሩ መጀመሪያ መልእክት አይመጣልኝም። የአጎቴ ስም ስልኬ ላይ የሚታይበት ቦታ የለም።

በሚቀጥለው እሁድ እንጦጦ ወጣሁ። ስልኩን አቁሜ ላይቭ ገባሁ። ፎቶ የሌለው ስም ወዲያው መጣ። ያዘጋጀሁት ግጥም ነበረኝ፤ ለዚያች ልጅ ከጻፍኳቸው የመጨረሻው። ስክሪኑን ሳይ ግን የሚታየኝ የሳሙና አረፋ ያለበት እጅ ነው፤ ማንበብ አቃተኝ። አንዱ ገብቶ «ወንድሜ ምነው ዝም?» ብሎ ጻፈና ወጣ። ቦርሳዬን ከፍቼ ከፈረንሳይ የገዛሁትን ዳቦ በእንቁላል አወጣሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ድምፅ እንዲያሰማ አድርጌ ፈታሁት፤ ስልኩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ እስኪያልቅ በላሁ። ስጨርስ ልቧ መጣች።

መዝጊያውን ነካሁ። በመዳፌ ፀሐይዋን ጋርጄ ጥያቄውን አነበብኩት፤ በእርግጥ ይቁም? ፓኬጄ ሊያልቅ ነበር። አዎ የሚለውን ነካሁ።

ቁልቁለቱን ስጀምር ሳሉ መጣ። እስኪያልፍልኝ አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ሁለት ፍቅረኛሞች ፎቶ ሊነሱ ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ልጁ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ከፎቶው እንድወጣላቸው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ገለል አልኩላቸው።